ምዕራፍ ሰባት፦ ባለሱቁና መስታወቱ

የሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው ሱቅ ስፋቱ ቢበዛ ሁለት ሜትር በሦስት ነው። ባለቤቱን ትልቁም ትንሹም ጋሼ ነው የሚላቸው። መደርደሪያው ላይ፣ በሳሙናውና በፓስታው መሐል፣ ጠርዙ የተበላ ባለመስመር ደብተር አለ፤ ዱቤ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። የሰው ስም አይገባበትም። «ባለ ቀይ በሯ»፣ «የነርሷ እናት»፣ «ፎቁ ላይ ያለው ተከራይ» ይላል፤ ከጎኑ ቁጥር፣ ሲከፈል ደግሞ ቁጥሩ ላይ አንድ ሰረዝ። ካቻምና ከደብተሩ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ተለጠፈ። በማርከር የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከሥሩ «በቴሌብር መክፈል ይቻላል» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ሁለት መዝገብ አለው። አንደኛውን ከጋሼ በቀር ማንም አያነበውም። ሁለተኛውን ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ገና ማንበብ አልጀመሩም።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሁለተኛው መዝገብ ነው።

ምዕራፍ ሁለት ላይ የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ የተደረገውን ሙከራ አይተን ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያው የኤርናንዶ ደ ሶቶ ባልደረቦች አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት በሕጉ መሠረት ለማስመዝገብ 289 ቀን ፈጅቶባቸዋል። በሩ ሲጠብ ሰው በአጥር ይዘላል ብለን ነበር ያለፍነው። ምዕራፍ አምስት ላይ ደግሞ ዱቤና ዕቁብ ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም እንዴት እንደሚቆሙ አየን። አሁን ሁለቱ ይገናኛሉ። በሩን በስልክ ብናሰፋው፣ የዱቤ ደብተሩንም ወደ ስልክ ብናስገባው፣ ጋሼ ንግድ ፈቃድ ያወጣሉ? የልማት ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ ግን ነገሩ የሚወሰነው ያንን መዝገብ ማን ቀድሞ እንዳነበበው ነው ባይ ነኝ።

ሰፈሩ የሚያውቀው ንግድ

«መደበኛ ያልሆነ ኢኮኖሚ» የሚለው አጠራር ጎረቤት ባንለውም ከአፍሪካ ነው የወጣው፤ ከጋና። ኪት ሃርት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አክራ ከተማ፣ ኒማ በሚባል ሰፈር ሲያጠና፣ በመንግሥት መዝገብ «ሥራ አጥ» የተባሉ ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ ሲሸጡ፣ ሲጠግኑ፣ ሲያመላልሱ አገኛቸው። አጠራሩን እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ጉባኤ ላይ አቀረበው። በማግስቱ ዓመት የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት ተጠቀመበትና ዓለም ሁሉ ለመደው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አኀዝ፣ ከዓለም ሠራተኛ 61 በመቶው፣ ማለትም 2 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚህ መስክ ነው። አፍሪካ ውስጥ ከ100 ሠራተኛ 86ቱ ገደማ።

አጠራሩ ግን ትንሽ ያሳስታል። ለሰሚው ሥርዓት የሌለው፣ ድብቅ ነገር ይመስላል። ጋሼን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ማንን አምነው እንደሚያበድሩ፣ ዘይት መቼ እንደሚገባላቸው፣ ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ሁላችንም እናውቃለን። የማያውቃቸው ፊታቸውን አይቶ የማያውቅ ነው፦ ባንኩ፣ ግብር አስከፋዩ፣ ከፋብሪካ የሚያወጣው ትልቁ አከፋፋይ። ስለዚህ መደበኛ ያልሆነ ንግድ ማለት በዕውቂያ ብቻ የሚታይ ንግድ ነው ብንል ይቀለናል። ባዕድ ሰው ሊያነበው አይችልም።

ደግሞም ሁሉ ነገር ወይ ነጭ ወይ ጥቁር አይደለም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ላስቲኩን ጠቅልሎ የሚሮጠው ልጅ በአንድ ጫፍ አለ። መሐል ላይ የግብር ከፋይ ቁጥር አውጥቶ ፈቃዱን ያላሳደሰ አለ። በሌላው ጫፍ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ አለ፤ እሱም ዋጋ ስትጠይቁት «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላችኋል። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ይህ ሰው መደበኛ ነው አይደለም? ጠዋት ይሆናል፣ ከሰዓት ይተወዋል።

ራስን የሚያሳይ መስታወት

አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ቃል ነው ያለው። ፊታችንን የምናይበትም መስታወት ነው፤ በመስኮቱ ላይ የተገጠመው፣ ሰው ከውጭ የሚያየንበትም መስታወት ነው። ስልክ ነጋዴ እጅ ሲገባ ሁለቱንም ይሆናል። በየትኛው ወገን እንደሚያሳይ ግን ስልኩ አይወስንም።

በፊተኛው እንጀምር። ማታ ጋሼ መሳቢያቸውን ይከፍቱና ብሩን ይቆጥራሉ። ከዚያው መሳቢያ ቀን ላይ ለልጅቷ ደብተር ተገዝቷል፣ ለዕቁብ ተከፍሏል፣ ለመጣ እንግዳ ለስላሳ ተከፍቷል። ማታ የተገኘው ብር ትርፍ ነው ወይስ የነገ የስኳር መግዣ? በልባቸው ግምት አለ፤ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ግምቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ግን «በዚህ ወር ከዘይት ነው ከዳቦ ያተረፉት?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ። «እሱን ማን ያውቃል፤ ብቻ አላፈርኩም» አሉኝ።

ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ለጥቃቅን ነጋዴዎች ሁለት ዓይነት ሥልጠና ተሰጥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ለአንዱ ቡድን ትምህርት ቤት የሚሰጠው ዓይነት የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ተሰጠ። ለሌላው ደግሞ ቀላል ዘዴ፦ የቤቱን ብርና የሱቁን ብር በተለያየ መሳቢያ አድርግ፤ ከሱቁ ለቤት ስትወስድ ወረቀት ላይ ጻፈው። የመጀመሪያው ሥልጠና ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የሁለተኛው ቡድን ነጋዴዎች ግን መዝገባቸው ተስተካከለ። ጥናቱ ስለ ስልክ አይደለም፤ ሆኖም ለእኔ ከዲጂታል ክህሎት ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ሁለተኛው መሳቢያ ነው። ስልክ ላይ ያለ የገንዘብ ሒሳብ ለድሃ ነጋዴ ሁለተኛ መሳቢያ ሆኖ መጣ፤ የገባውንና የወጣውን ደግሞ ሳይታዘዝ ይጽፋል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው ኮከብ 127 መሰላል ደውሎ ይገባበታል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በስልክ ካልተከፈለ አይቀዳም ሲባል፣ የታክሲ ሾፌሮች በስልክ መክፈል ለመዱ። ብር መላክና መቀበል እንግዲህ ከባድ ክህሎት አይደለም። ከባዱ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የገቢውን ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ፣ ሐሙስ ለምን እንደሚቀዘቅዝ መጠየቅ፣ የአከፋፋዩን ዋጋ ካምናው ጋር ማስተያየት። መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኮደር አሠለጥናለሁ ብሎ መነሳቱን ሰምተናል፤ ጥሩ ነው። ጋሼ ግን ኮድ መጻፍ አይደለም የጎደላቸው፤ የራሳቸው ስልክ የጻፈላቸውን ማንበብ ነው።

ማንበቡን የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ጋሼ ብር ሲገባላቸው መነጽራቸውን አያነሡም። «እስኪ እይልኝ፣ ገብቷል?» ብለው ስልኩን ለከፋዩ ለራሱ ይሰጡታል። አንድ ቀን ያልተከፈለ ብር «ተከፍሏል» የሚል የሐሰት መልእክት ተልኮላቸው አምስት ሊትር ዘይት ሄደባቸው። ከዚያ በኋላ ልጃቸው መልእክቱን ትታ ቀሪ ሒሳቡን ማየት አስተማረቻቸው። የምስጢር ቁጥሩንም የምታውቀው እሷ ናት። የሱቁ ዲጂታል ክህሎት አሥረኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጠዋት ጠዋት ሱቁ ውስጥ የለም።

ባዕድ ሰው ሲያይ

መስታወቱን አሁን ወደ መስኮት እናዙረው። መጀመሪያ የሚያየው አበዳሪው ነው።

ባንክ ለጋሼ አያበድርም፤ ሊያሲዙት የሚችሉት ቤት የለም። ዕቁባቸው ያውቃቸዋል፣ ዕቁብ ግን ተራውን ጠብቆ ነው የሚደርሰው። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»፣ «እንደኪሴ»፣ «ሳንዱቅ» የሚሉ አገልግሎቶችን ቴሌብር ላይ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብድር፣ ሦስተኛው ቁጠባ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የብድሩ አሠራር ነው። ዋስ አይጠራም፣ መያዣም አይጠየቅም። የሚታየው በዚያ ስልክ ላይ ብሩ እንዴት እንደተመላለሰ ነው። ዱቤ ሰጪ ሰው «አውቀዋለሁ፣ አይከዳም» እንደሚለው፣ ማሽኑም በራሱ መንገድ «አውቀዋለሁ» ይላል። ሰፈሩ በሃያ ዓመት ያየውን ማሽኑ በስድስት ወር ያየዋል። ነጋዴዎችም ይህን ወዲያው ነው የነቁበት፤ የዕለት ሽያጫቸውን ማታ ማታ ወደ ስልክ የሚያስገቡት የብድር ጣሪያው ከፍ እንዲል መሆኑን ያጫወቱኝ አሉ። ይሄ ክህሎት ካልተባለ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ግን አንድ የተለመደ ግምት ይፈርሳል። ብድር ያገኘ፣ መዝገብ የያዘ፣ የሠፋ ነጋዴ ቀጥሎ ፈቃድ ያወጣል ብለን ነበር። ኬንያን እንይ። ኤምፔሳ የተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ በኋላ የሆነውን ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ አገልግሎቱ 194 ሺህ ቤተሰብ ከድህነት አውጥቷል፤ 185 ሺህ ሴቶች ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ እርሻ ወጥተው ዋና ሥራቸውን ንግድ አድርገዋል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ንግድ ስንል ምን ዓይነት ንግድ? ጉሊት፣ ኪዮስክ፣ ምግብ ቤት። ስልኩ ሴቶቹን ከድህነት ሲያወጣ ብዙዎቹን ወደዚያው ወደ መደበኛ ያልሆነው መስክ ሳያስገባቸው አልቀረም።

አዲስ አበባም ይኸው ነው። ቴሌግራም ላይ ጫማ የምትሸጥ ልጅ ሱቅ የላትም፣ ኪራይ የላትም፤ ሳሎኗ መጋዘን ነው። ፎቶው ጥራት አለው፣ ቁጥር (ሳይዝ) ተጽፏል፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ብሩ በስልክ ይላካል፣ ዕቃውን ሞተረኛ ያደርሳል። በዲጂታል ክህሎት ከጋሼ መቶ እጥፍ ትበልጣለች፤ በሕግ ዓይን ግን ከጋሼ ይልቅ እሷ ናት የማትታየው። ጋሼ ቢያንስ ቀበሌው የሚያንኳኳው በር አላቸው። ክህሎት ብቻውን ወደ ሕጋዊነት የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ይህቺ ልጅ ቀድማ ነበር የምትገባው።

ገማቹ ሲመጣ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሆነውን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ግምት አወጡ። በወቅቱ የግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ግዴታ የለባቸውም ነበር፤ ስለዚህ መንግሥት የሚያስከፍለው በግምት ነው። ገማቹ ደንበኛ ቆጠረ፣ መደርደሪያ አየ፣ ቁጥር ጻፈ። ቁጥሩ ሲለጠፍ ጩኸት ሆነ፤ በብዙ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ ተቃውሞ ተነሣ።

ዋናው የክርክሩ ነጥብ ማን ትክክል ነበር የሚለው አልነበረም። ሁለቱም ወገን ማስረጃ የለውም። ገማቹ «ይህን ያህል ትሸጣለህ» ይላል፤ ነጋዴው «በእግዚአብሔር!» ይላል። መዝገብ የሌለው ሰው መሐላ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መዝገብ ጋሻ ሊሆን ይችል ነበር፤ የራሱን ቁጥር ማንበብ የሚችል ነጋዴ የገማቹን ቁጥር መመለስ ይችላል።

ግን ያው መዝገብ ጦርም ይሆናል። ሕንድ ውስጥ በረቡዕ ገበያ ድንች የሚሸጥ ሰው ሳይቀር በስልክ ክፍያ የሚቀበለው ዩፒአይ በሚባል ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ባለአራት ማዕዘን ኮድ ያልለጠፈ ጋሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 የካርናታካ ግዛት የግብር መሥሪያ ቤት ያንን የክፍያ መረጃ ሰብስቦ፣ ሽያጫችሁ ለምዝገባ ከተቀመጠው 4 ሚሊዮን ሩፒ አልፏል እያለ ለሺዎች ማስጠንቀቂያ ላከ። ባንጋሎር ውስጥ በቀናት ውስጥ ኮዱ ከየጋሪው ተላጠ፤ በምትኩ «በጥሬ ብር ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰዎቹ ክህሎት አልጎደላቸውም። እንዲያውም መስታወቱ በየት በኩል እንደሚያሳይ ስለገባቸው ነው የሸፈኑት። ከመካከላቸው በእርግጥ መክፈል የሚገባቸው እንደነበሩ አልክድም፤ ትንሽ ጋሪ ሁሉ ድሃ አይደለም።

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በስልክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ጥላ በተቃውሞ ብዛት ወደ ግማሽ በመቶ አወረደችው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2022 የጣለችውን 1.5 በመቶ መጀመሪያ ቀነሰችው፣ በ2025 ጭራሹን አነሣችው። እኛም ዘንድ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሣ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። ሁሉም ቦታ ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል፤ ነጋዴው በመዝገቡ ገና ሳይጠቀም ሌላ ሰው አነበበው።

በሩ ሰፋ፣ ውስጡስ?

«ፈቃድ ማውጣት ቀላል ከሆነ ይመጣሉ» የሚለውን ስሪላንካ ውስጥ ሞክረውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ላልተመዘገቡ ነጋዴዎች መረጃ ሰጡ፣ የምዝገባውንም ወጪ ሸፈኑ። የመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ለሚመዘገብ ሰው ብር እንስጥ አሉ። ስጦታው የአንድ ወር ትርፍ ሲያህል ከአምስት አንዱ ያህል ተመዘገበ፤ የሁለት ወር ሲሆን ግማሹ። ነጋዴው እያሰላ ነበር ማለት ነው፦ ገብቼ ምን አገኛለሁ፣ ምንስ አጣለሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥም ዛሬ ንግድ ፈቃድ በኢንተርኔት ይወጣል። አንድ ቀን ቅጹን ራሴ ለጋሼ ልሞላላቸው ተቀመጥኩ፤ የቤት ኪራይ ውል ማያያዣው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አከራያቸው ውል አይጽፍም። በእሱም በኩል ከጻፈ የኪራይ ግብር አለበት። የአንዱ መታየት የሌላውን መታየት ይጎትታል፤ ሰንሰለቱ ውስጥ ካለው አንዱ ብቻ ስልክ ስለቻለ ሰንሰለቱ አይላቀቅም። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች ይህን ሁሉ «እንጨርስልዎታለን» ይላሉ፤ የወረቀቱ ዘመን ደላላ ወንበሩን ይዞ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል።

ባለፈው ቅዳሜ ዳቦና ስኳር ገዝቼ ስልኬን አወጣሁ። ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ሥር በሌላ ማርከር ሁለተኛ ቁጥር ተጨምሯል። የልጅቷ ነው።

«በየትኛው ልላክ ጋሼ?»

መነጽራቸውን አደረጉ። ስልካቸውን ከፈቱ፤ ራሳቸው፤ በጣታቸው ዝርዝሩን ወደ ታች ገፉ፣ በከንፈራቸው ደመሩ።

«የኔ ለዛሬ በቅቶታል» አሉኝ፤ «በልጅቷ አድርገው።»